እባካችሁ የፖሊሱን ፈረስ አታጉርሱት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከድሮ ጀምሮ ነው፤ ቁጭ ብዬ ስጽፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ባለፈው ሰሞን ያወጣችሁት ፎቶ ነው። አንድ ፈረሰኛ ፖሊስ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ቆሟል፣ አንዲት ሕፃን አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ለፈረሱ ዳቦ ትዘረጋለች፣ ፈረሱም ከንፈሩን አሹሎ ሊቀበላት ነው። ከሥሩ «ወዳጅነት» ብላችሁበታል። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ግን ሳየው ሆዴ ተላወሰ። ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ፈረሱ ያንን ሁሉ ጉልበት የሚያገኘው ከሚበላው ገብስ ነው የሚል ነገር አለ። እዚያ ላይ ስደርስ ጋዜጣውን አጥፌ እስክሪብቶ ፈለግኩ።

ማን ነህ ካላችሁ፣ ዕድሜዬን ጋጣ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ፋንድያ ስዝቅ፣ ድርቆሽ ስመዝን፣ ገንዳ ሳጥብ ነው የኖርኩት፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከፖሊስ ፈረሶች ጋር።

ፈረስ ሳር በል ነው። «ይህንንማ ማን አጣው» ትሉ ይሆናል። ግን አብዛኛው ሰው ፈረስን የሚያስበው ወይ እንደ ላም ወይ እንደ መኪና ነው። እንደ ላም ያሰበው «የሰጡትን ሁሉ ያመሰኳዋል» ይላል፤ እንደ መኪና ያሰበው ደግሞ «ጥራጥሬ ነዳጁ ነው፣ ብዙ ስትሞላለት ብዙ ይሄድልሃል» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ፈረስ አያመሰኳም። ያለችው ጨጓራ አንዲት ናት፣ እሷም ለዚያ ሁሉ ገላ ስትታይ ከቁብ የምትገባ አይደለችም፤ የምትይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው። ባልዲ በሏት። ትልቁ ሥራ ያለው ከኋላ ነው። ሴከም የሚባል ከረጢት መሳይ አንጀት አለ፣ ከእሱ ቀጥሎ ወፍራሙ አንጀት አለ፣ እዚያ ውስጥ ለቁጥር የሚያታክቱ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ተቀምጠው ሳሩን ያብላሉለታል፣ ፈረሱም ከእነሱ ሥራ ነው ጉልበት የሚያገኘው። ስለዚህ ፈረስ ስትቀልቡ እነሱንም እየቀለባችሁ ነው። መኖ በአንድ ቀን ከተቀየረባቸው ያኮርፋሉ፣ እነሱ ሲያኮርፉ ፈረሱ ይታመማል። አዲስ መኖ ስናስገባ ከ7 እስከ 14 ቀን ወስደን ቀስ በቀስ የምንቀላቅለው ለዚህ ነው። አዲስ ድርቆሽም ቢሆን ያው ነው።

ደግሞ የአሲድ ነገር አለ። የፈረስ ጨጓራ ቀንም ሌሊትም፣ ባዶም ሆነ ሙሉ፣ አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። ያንን አሲድ የሚያበርድለት ምራቁ ነው፣ ምራቁ ደግሞ የሚመጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ድርቆሽ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ መንጋጋው ከ3,000 ጊዜ በላይ ይላወሳል። አንድ ኪሎ አጃ ግን በ10 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ልዩነቱን አያችሁት? ገብስና አጃ ብቻ የሚበላ ፈረስ ቶሎ ይጠግባል፣ ከዚያ አፉን ዘግቶ ይቆማል፣ አሲዱ ግን ሥራውን ይቀጥላል፣ መጨረሻው የጨጓራ ቁስል ነው። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት 16 ያህሉን ሲግጥ የሚውልና የሚያድረው ሆዳም ስለሆነ አይደለም። አፈጣጠሩ ነው።

ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ በሩ ላይ የመቆም ልማድ ነበረኝ። ከየክፍሉ ያ የማይቋረጥ ቅርጥም ቅርጥም ይሰማል፣ አልፎ አልፎ አንዱ በአፍንጫው ፍርርር ያደርጋል፣ ሌላው ሰኮናውን ወለሉ ላይ ይመታል። ደስ ይላል። ችግሩ ከአንዱ ክፍል ድምፅ ሲጠፋ ነው። ድርቆሽ ፊቱ እያለ ማኘክ ያቆመ ፈረስ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ባትሪ ይዤ እሮጣለሁ፣ ጆሮዬን ከጎኑ ለጥፌ አዳምጣለሁ። የጤነኛ ፈረስ ሆድ ዝም አይልም፣ ይንጎራጎራል። ዝም ካለ ሐኪም ይጠራል፣ ነገ ይሁን አይባልም።

ስንት ይበላል ለሚለው መልሱ ሚዛኑ ላይ ነው። ፈረስ በቀን የክብደቱን ከ1.5 እስከ 2.5 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 500 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ 10 ኪሎ አካባቢ መሆኑ ነው። ለፖሊስ ሥራ የሚመረጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ግዙፎቹ ናቸው፣ 600 ኪሎ ማለፍ ለእነሱ ምንም አይደለም፣ እናም 12 ኪሎ በሉት። ከዚህ ውስጥ 9 እና 10 ኪሎው ድርቆሽ ወይም ሳር ነው። ጥራጥሬው ከዚያ በኋላ፣ ካስፈለገ ብቻ የሚመጣ ጭማሪ ነው። እሱም በአንድ ጊዜ ከ2 ኪሎ ባያልፍ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ትንሿ ጨጓራ ከአቅሟ በላይ ሲሞላባት ሳይፈጭ ወደ ኋላ ትለቀዋለች፣ ከኋላ ያሉት ተሕዋስያን ለሳር እንጂ ስታርች ለሚባለው ለዚያ ሁሉ የጥራጥሬ ዱቄታማ ክፍል አልተዘጋጁም፣ አንጀቱ በአሲድ ይሞላል፣ ከዚያ የሚመጣውን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚሠራት አንዲት ስህተት አለች። በጣሳ ይሰፍራል። አንድ ጣሳ አጃና አንድ ጣሳ በቆሎ ለዓይን እኩል ናቸው፣ ሚዛን ላይ ስታወጧቸው ግን በቆሎው በጣም ይከብዳል፣ ጉልበቱም እንደዚያው ነው። አጃ ቅርፊቱ አብሮት ስለሚገባ ገር ነው፣ ፈረስ ቤት የሚወደደውም በዚህ ነው። ገብስ ግን መደቆስ ወይም መቀቀል አለበት፣ እንዲሁ ከተሰጠ ፍሬው እንዳለ ፋንድያው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ይቅርታ፣ ስለ ፋንድያ ደጋግሜ አወራለሁ፣ ግን የኔ ጋዜጣ እሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት አይቼው ማን እንዳላኘከ፣ ማን ውሃ እንዳነሰው፣ የማን ጥርስ ሞረድ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከድዱ እየወጣ፣ ጫፉ ደግሞ በማኘክ እየተሞረደ ይኖራል። እኩል ካልተሞረደ ጫፉ ስለት ያወጣና ጉንጩን ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ምርጥ ድርቆሽ ብታቀርቡለት ጠቅልሎ ይተፋዋል።

አሁን ወደ ፖሊሱ ፈረስ። ሰው የፖሊስ ፈረስ ሲያይ የጦር ሜዳ ፈረስ ያየ ይመስለዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራው በአብዛኛው መቆም ነው። ይቆማል፣ በእርምጃ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ሶምሶማው አልፎ አልፎ ነው፣ ግልቢያማ ከስንት አንዴ። ድካሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ አስፋልት ላይ ለሰዓታት መገተሩ፣ ጀርባው ላይ ያለው ሰውና ኮርቻ፣ ጩኸቱ፣ ግፊያው። ይሄ ትዕግሥት እንጂ ገብስ አይፈልግም። የመኖ ባለሙያዎች ቀላል ሥራ ላለው ፈረስ ሥራ ፈትቶ ከሚፈልገው ጉልበት 20 በመቶ፣ መካከለኛ ሥራ ላለው 40 በመቶ ይጨምሩለታል። በቃ። የፖሊስ ፈረስ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ከዚያ በላይ ጥራጥሬ ከታጨቀበት ይፈላል። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ይዘላል፣ ፊኛ ሲፈነዳ በሁለት እግሩ ይቆማል። ልጅ በትከሻ የተሸከመ አባት አጠገብ 600 ኪሎ የሚመዝን የፈላ ፈረስ ቆሞ አስቡት እስቲ።

የእኛዎቹ ቀን እንዲህ ነበር የሚሄደው። ጎህ ሳይቀድ ድርቆሽ፣ ውሃ። ጥራጥሬ የሚገባው ካለ ትንሽ ይሰጠውና ኮርቻ እስኪጫን ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ያርፋል። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ አንድ እቅፍ ድርቆሽ ይቀምሳል። ይሄኛው ለጥጋብ አይደለም። ባዶ ሆድ ሲንቀሳቀስ አሲዱ ወደ ላይኛው የጨጓራ ክፍል ይረጫል፣ እዚያ ያለው ሽፋን ደግሞ አሲድ አይችልም፣ የታኘከው ሳር ከላይ ተንሳፍፎ እንደ ክዳን ያግደዋል። ሥራ ላይ እያለ በየጊዜው በባልዲ ውሃ ይሰጠዋል። ሲመለስ ውሃ፣ ድርቆሽ፣ ሰውነቱ ሲረጋጋ የተረፈችው ጥራጥሬ። ሌሊት ደግሞ ረጅም ስለሆነ ትልቁ የድርቆሽ ድርሻ የሚቀርበው ማታ ነው።

ስለ ውሃ አንድ የቆየ እምነት አለ፣ ያላበው ፈረስ ውሃ ከጠጣ ይሞታል የሚል። እኔንም አስተምረውኝ ነበር። ስንቱን ምስኪን አስጠምቼ አቁሜዋለሁ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ፈረስ ሳይሠራ እንኳ በቀን ከ25 ሊትር በላይ ይጠጣል፣ ሙቀትና ሥራ ሲደራረቡ እጥፍ ይሆናል። ላቡ ደግሞ ከሰው ላብ እጅግ ጨዋማ ነው፣ ደርቆ ደረቱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ጨው ነው። የጠማውና ያላበው ፈረስ የሚጎዳው ውሃ ሲከለከል ነው። ጨውም ያስፈልገዋል፣ 500 ኪሎ የሚመዝነው ሥራ ሳይኖረውም በቀን 25 ግራም ገደማ፣ ሲያልበው ከዚያ በላይ።

እንግዲህ የዕረፍት ቀን ነገር። ድሮ ጋሪና ማረሻ የሚጎትቱ ፈረሶች የሚታመሙት አንድ በሽታ ነበር፣ ስሙም የሰኞ ጠዋት በሽታ። ሳምንቱን ሙሉ ይሠራሉ፣ እሑድ ያርፋሉ፣ ባለቤቱ ግን አዝኖላቸው እሑድም ያንኑ ሙሉ ጥራጥሬ ይሰጣቸዋል። ሰኞ ሥራ እንደጀመሩ የኋላ እግራቸው ይገተራል፣ ላብ በላብ ይሆናሉ፣ ጡንቻቸው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ሽንታቸው ቡና ይመስላል። የተጎዳው ጡንቻ ነው በሽንት እየወጣ ያለው። በሽታው ዛሬም አለ። ስለዚህ ፈረሱ ሥራ በማይወጣበት ቀን ጥራጥሬው ይቀነሳል ወይም ይቀራል፣ ድርቆሹ ግን አይነካም። «ዛሬ ዕረፍቱ ነው፣ ትንሽ ልጨምርለት» የሚል ደግ ሰው ከሌባ ይብሳል፤ ሌባ ቢያንስ የሚወስደው ገብሱን ነው።

ደግሞ እኔ ራሴ ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ዳማ ፈረስ ነበረን፣ ጸጥ ያለ፣ ሕፃን ጭራውን ቢጎትተው የማይንቀሳቀስ። አንድ ማታ የመኖ ቤቱን በር መወርወሪያ ሳላስገባ ሄድኩ። እሱ ደግሞ ከንፈሩ ብልጥ ነበር፣ የክፍሉን መቀርቀሪያ መክፈት ተምሯል። ጠዋት ስገባ የደቆስነው ገብስ በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን እንደከተተ አገኘሁት። ምን ያህል እንደበላ ማን ይወቅ። ፊቱ ሁሉ ዱቄት ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ።

ከቀትር በፊት ሆዱን እያየ በፊት እግሩ መሬቱን መቧጨር ጀመረ። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፣ ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። የበላው የሚወጣበት አንድ በር ብቻ ነው ያለው። ሐኪሟ መጥታ በአፍንጫው ቱቦ አስገብታ ጨጓራውን አጠበችለት፣ ቁርጠቱ ማታ ላይ ረገብ አለ፣ እኛም ተረፈ ብለን ተቃቀፍን። እሷ ግን አልሳቀችም። «እግሩን በረዶ ውስጥ አስቀምጡት፣ ዋናው ነገር ገና ነው» አለችን። በሦስተኛው ቀን የፊት ሰኮናዎቹ እንደ ምጣድ ጋሉ። ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እሳት የረገጠ ይመስል ቆመ። ላሚናይተስ ይሉታል። ሆድ ውስጥ የተበላሸው ነገር ሰኮናው ውስጥ ያለውን፣ አጥንቱን ከሰኮናው ጠንካራ ቅርፊት ጋር የሚያያይዘውን ስስ ሥጋ ያቃጥለዋል። ነገሩ ይገርማል፣ የበላው በአፉ፣ የከፈለው በእግሩ። ዳማው አልሞተም። አስፋልት ግን ዳግመኛ አልረገጠም፣ ሜዳ ላይ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መወርወሪያ ሳላስገባ የሄድኩበት ማታ የለም፣ አሁንም ቤቴ ውስጥ የሌለ መወርወሪያ እየፈለግሁ እነሣለሁ።

እንግዲህ ከዳቦው ጋር የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቁራሽ ዳቦ ፈረስ አይገድልም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን የሚሰጠው አንድ ሰው አይደለም። ፈረሰኛው ሕዝብ መሐል ቆሞ ሲውል አንዱ ዳቦ፣ አንዷ ከረሜላ፣ ሌላው ብስኩት፣ ሌላው ፖም ይሰጣል፣ እያንዳንዱም «የእኔ ትንሽ ናት» ብሎ ነው። ማታ ጋጣ ሲገባ ምን እንደበላ የሚያውቅ የለም። ቁርጠት ሲይዘው ሐኪሟ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን በላ?» ብላ ነው፣ እኛ ደግሞ እንተያያለን።

ዳቦ በምራቅ ሲርስ ሊጥ ይሆናል፣ ሊጡም ጉሮሮው ላይ ይሰካል። እንዲህ የታነቀ ፈረስ አይታችሁ ከሆነ አትረሱትም፤ አንገቱን ይዘረጋል፣ ያስላል፣ ምራቅና ምግብ ተቀላቅሎ በአፍንጫው ይዘንባል። የሥራ ላይ ፈረስ ደግሞ አፉ ውስጥ ልጓም አለ፣ እንደ ልቡ ማኘክ አይችልም። ቸኮላት ለፈረስ መርዝነት አለው። ሽንኩርት፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ ድንች፣ እነዚህም አይሆኑም። ደግነት መስሏችሁ ከግቢያችሁ የታጨደ ሳር በፌስታል ይዛችሁ የምትመጡም አላችሁ። በማሽን የተከተፈ እርጥብ ሳር ፌስታል ውስጥ ቶሎ ይግላል፣ ይቦካል፣ ፈረሱም ሳያኝክ ነው የሚውጠው። ሳር ነው ብላችሁ አትመኑት። የዶሮና የከብት መኖ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። አንዳንዱ ውስጥ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይጨመራል፣ ለዶሮዋ ይጠቅማታል፣ የፈረስን ልብ ግን በጥቂቱ እንኳ ያቆመዋል።

ጣትም አለ። ፈረስ ከአፉ ሥር ያለውን ማየት አይችልም፣ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ናቸው። የሚያገኘው በከንፈሩና በጺሙ እየዳሰሰ ነው። የሕፃን ጣትና የካሮት ጫፍ ለእሱ አንድ ናቸው። ከሁሉም የሚብሰው ግን ልማዱ ነው። ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ምግብ እንዳለው የተማረ ፈረስ ኪስ መፈተሽ ይጀምራል፣ ያጣ ጊዜ በአፉ ይገፋል፣ ሲብስ ይነክሳል። የፖሊስ ፈረስ ያ ሁሉ ሥልጠና የተሰጠው ሰው መሐል ረግቶ እንዲቆም ነው፣ አንድ ክረምት ከረሜላ ብቻ ያንን ሊያበላሸው ይችላል። ልጆቻችሁ ፈረሱን ይውደዱት፣ ማን ከለከለ። ፈረሰኛውን አስፈቅዱ፣ እሺ ካለ አንገቱን ዳብሱት። አንገቱ ከአፉ ይልቅ ፍቅር ይገባዋል።

ፈረሰኛ ፖሊስ የትናንት ነገር አይደለም፣ የአውስትራሊያው የኒው ሳውዝ ዌልስ ፈረሰኛ ፖሊስ ከ1825 ጀምሮ ሳይቋረጥ እየሠራ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ፈረስን ሥራ ላይ ያቆየው ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ወደ ፈረንሳይ ያሻገረችው ድርቆሽና አጃ ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር፣ በክብደት ካሻገረችው ተተኳሽ ይበልጣል። ፈረስ መቀለብ ቀልድ አይደለም ለማለት ነው።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ፉርሽካ። «ለፈረስ ፉርሽካ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ትንሽ ፉርሽካ ምንም አይልም። በየቀኑ በገፍ ከሆነ ግን ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ ሰውነቱ ካልሲየም ከራሱ አጥንት መበደር ይጀምራል። ድሮ የወፍጮ ቤት ፈረሶች ፉርሽካ እንደ ልብ ስለሚያገኙ የፊታቸው አጥንት ሳስቶ ያብጥ ነበር፣ በሽታውም በወፍጮ ቤት ስም ተጠርቷል። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል በተቃራኒው ካልሲየሙ የበዛ ነው፣ ለጨጓራም ደግ ነው፣ እሱንም በልክ።

አዘጋጁ፣ ማረሚያ አውጡ ብዬ አልጨቃጨቃችሁም። አንድ ነገር ልለምናችሁ ብቻ። ፎቶ አንሺያችሁን ፈረሱ ከሥራ የሚገባበት ሰዓት ላይ ወደ ጋጣ ላኩት። ልጓሙ ሲወልቅለት መጀመሪያ አፉን በሰፊው ይከፍትና መንጋጋውን ያፍታታል። ከዚያ ገንዳው ውስጥ አፉን ይነክራል፣ በጠጣ ቁጥር ጆሮዎቹ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይላሉ፣ ከተጠጉ መቁጠር ይቻላል። ጠጥቶ ሲጨርስ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ጥቂት ይቆማል፣ ከዚያ ዞሮ ድርቆሹ ውስጥ ፊቱን እስከ ዓይኑ ይቀብራል። እሱን ያንሳው። ባዶ እጁን ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የጋጣ ሠራተኛ